መርፌው አልተመለሰም

በእኛ ከተማ በጅቡቲ፣ ከምሳ በኋላ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ፣ ጉንጩን በጫት እንደ ኳስ ነፍቶ፣ እስኪመሽ መንግሥት ሲያወርድና ሲያወጣ የሚውል ወንድ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ተብሎ አይጠየቅም። ደህና ነው። እንዲያውም ምክር የሚጠየቅ፣ ሠርግ ላይ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሌላ ወንድ ግን በዚያው ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የአሻንጉሊት ሐዲድ ሲገጣጥም ከተገኘ፣ ወሬው ከካርቲዬ ሁለት ሰፈር ተነሥቶ አምቡሊ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ጎረቤት ሚስቱን በሐዘኔታ ያያታል። ዘመድ ስልክ ይደውላል። ጠበል የሚያዝዝም አይጠፋም። ይህን ከማንም አልሰማሁም፤ በራሴ ደርሶ ነው።

አዎ፣ ባቡር እጫወታለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ፍረዱ። ሳይሰሙ የፈረዱብኝ ሰዎች ስላሉ፣ እናንተ እንኳ ሰምታችሁ ብትፈርዱ ደስ ይለኛል።

እናቴ የአንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ወጥ ቤት ነበረች። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የልጃቸውን አሮጌ ባቡር በጫማ ካርቶን አድርገው ሰጡኝ፤ አንድ ሞተር፣ አራት ፉርጎ፣ ክብ የሚሠራ ሐዲድ። አልጋ ሥር ዘረጋሁት። ያ ባቡር ከአልጋ ሥር አውጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ወሰደኝ፤ በኢንጂነርነት ተመርቄ ተመለስኩና ወደብ አካባቢ የራሱ ጥቂት ሐዲድ የነበረው አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። ስሙን አልጠራም። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነበር፤ ደብዳቤያችን ሁሉ በአማርኛ ነበር። በሦስተኛ ዓመቴ በቸልተኝነት ተባረርኩ። በዚያ ሳምንት ካርቶኑን በፕላስተር አሽጌ ቁም ሣጥን ላይ ወረወርኩት፤ ለሠላሳ ዓመት ያህልም አልነካሁትም። ኢንጂነሩም ኮንቴይነር ቆጣሪ ሆኖ ኖረ፤ መጨረሻ ላይ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ ጥላ እንኳ በሌለበት አስፋልት ላይ ቆሞ ሲቆጥር ጡረታው ደረሰ።

ጡረታ ስወጣ ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ያለችው ልጃችን «አባዬ፣ ካርቶኑን ፍታው» አለችኝ። ፈታሁት። ሞተሩ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፤ የጅቡቲ የጨው አየር የታሸገ ነገር አያከብርም። አዲስ ሐዲድ ልላክልህ አለች። ላከችም። በመለኪያ ስለካው ስፋቱ የአውሮፓው ሰፊ ሐዲድ ትንሽ አምሳያ ነው፤ የእኛ ሐዲድ ደግሞ ጠባቡ፣ አንድ ሜትሩ ነው። አሻንጉሊቱ ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ስለሚያንስ፣ አንድ ሜትሩ በሰማንያ ሰባት ሲካፈል ወደ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ግድም መሆን አለበት። መልሰሽ ቀይሪው አልኳት።

«አባዬ፣ የአራት ሚሊ ሜትር ተኩል ልዩነት እኮ ነው! ማን ያይብሃል?»

ማን ያይብሃል! በአራት ሚሊ ሜትር የሰው ኑሮ ከሐዲዱ እንደሚወርድ እሷ ከየት ታውቃለች? ወር ጠብቄ ጠባቡን፣ በላዩ ከሚሄድ አዲስ ባቡር ጋር አስመጣሁ።

ከዚያ ዕቅድ ጀመርኩ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የዚህ ሙያ ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፦ ትንሽ ጀምር። እኔም ትንሽ አሰብኩ። አንድ ኮምፔንሳቶ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር። ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ላይ በእርሳስ ነደፍኩት። በየሐዲዱ መጋጠሚያ ስስ ክፍተት ተውኩ፤ በሐምሌ መብራት ሄዶ ቬንቲላተሩ ሲቆም ሳሎናችን ምድጃ ስለሚሆን ብረቱ መላወሻ ይፈልጋል። ኮምፔንሳቶው እንዳይጎብጥ ሁለቱንም ፊቱን ቀባሁት። ባለቤቴ ፀዳለ ማዕከላዊ ገበያ ከጨርቅ ሱቋ ስትመለስ ወረቀቱን አየችው።

«ድልድይ የለውም?»

«የለውም።»

«ተራራስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምንድነው ያለው?»

«አንድ መርፌ።»

«ለአንድ መርፌ ነው ሳሎኔን የምትወስደው?» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ፤ ምን እንደነደፍኩ ገብቷታል። የድሮው መሥሪያ ቤቴ ግቢ ነው፤ ዋናው መስመር፣ ሦስተኛው መስመር፣ በመካከላቸው ያለችው ያቺ መርፌ። «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የምትለኝ ይህንኑ ነው።

መርፌ ያልኩት ግራ አጋብቷችሁ ይሆናል። እናንተ ብቻ ብትሆኑ ምን ነበረበት! ባቡር ከአንድ መስመር ወደ ሌላው የሚሻገርበት፣ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ተንቀሳቃሽ የሐዲድ ምላስ አለ። ፈረንሳዮች «ኤጉዪ» ይሉታል፤ የልብስ መስፊያውም በቋንቋቸው ያው ነው። የእኛ ሐዲድ ሠራተኞች ቃሉን በቀጥታ አማርኛ አድርገውት «መርፌ» ሲሉት ኖሩ። መርፌ ተዞረ፣ መርፌ ተመለሰ ይባላል። ከአፋችን የማይጠፋ ቃል ስለነበር ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይመስለን ነበር።

እናም አንድ ቀን የሦስተኛው መስመር መርፌ ዘንጉ ሲጎተት ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ክፍተት እንደሚተው አየሁ። በዚያች ክፍተት የፉርጎ መንኮራኩር ይገባል። የመቀየር ሥልጣኑ የዋናው መሥሪያ ቤት ስለሆነ በዚያው ቀን ጻፍኩ፦ «የሦስተኛው መስመር መርፌ ስለማይመለስ አፋጣኝ እርምጃ እንዲወሰድ እጠይቃለሁ።» ሦስት ሳምንት መልስ የለም። በአራተኛው ሳምንት ስንዴ የጫኑ ሦስት ፉርጎዎች ተገለበጡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ከእኔ በቀር።

ከአዲስ አበባ ኮሚቴ መጣ። ደብዳቤዬን አሳየኋቸው። የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ደምሰው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ከዚያም «ወንድሜ፣ መርፌ ፉርጎ መገልበጥ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደብዳቤው ለንብረት ክፍል ተመርቶ ኖሯል! ንብረት ክፍልም በማኅተም መልስ ሰጥቷል፦ «በመዝገባችን ላይ ተወስዶ ያልተመለሰ መርፌ የለም።» እኔ ለማስረዳት ስጮህ አቶ ደምሰው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ መርፌ ሲባል ከልብስ ሰፊና ከሐኪም ቤት ውጪ በሕይወታቸው ሰምተው እንደማያውቁ ማሉ። ተፈረደብኝ። በቸልተኝነት። ለበላይ አካል የፌዝ ደብዳቤ በመጻፍም ጭምር።

አያችሁ ግፉን? የማያውቅ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያውቀውን ሲስቅበት! እኔን ግን ከሳቁ ይልቅ የበላኝ ሌላ ነው። በራሴ አማርኛ ተናደድኩ። «የሐዲድ ምላስ» ብዬ ብጽፍስ? ሥዕል ባያይዝስ? ከዚያ ወዲህ አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ እሰርዛለሁ፤ ለልጄ የልደት ካርድ ስጽፍ እንኳ ቃሌን በጥርጣሬ አየዋለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱ፣ በሕይወት ካለ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ «ጥፋቱ ያንተ አልነበረም» እንዲለኝ።

ሐዲዱን አንጥፌ በጨረስኩበት ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ኢንጂነር! አለህ እንዴ?» ብለው አቀፉኝ። አቶ ደምሰው! ልጃቸው አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ሰው አግብታ እዚህ ስለምትኖር፣ ከእሷ ጋር ሊሆኑ መጥተዋል። ተሳሳምን። ሐበሻ ነን፤ የምንወደውን ሰው ሦስት ጊዜ፣ የምንጠላውን አራት ጊዜ ነው የምንስመው። አራት ጊዜ ሳምኳቸውና ዓርብ ምሳ ቤታችን ጠራኋቸው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በመርፌዋ ምላስ ሥር የክብሪት ስንጥር እሸጉጣለሁ፤ ባቡሩ ይመጣል፤ ፉርጎው ይወድቃል፤ እኔ ተነሥቼ መርፌ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንደ መምህር አስረዳቸዋለሁ፤ እሳቸው አፍረው «አላወቅንም ነበር፣ ይቅርታ» ይላሉ። ንግግሬን ለሁለት ቀን አጥንቼዋለሁ። ዓርብ ከምሳ በኋላ ወንበራቸውን ከሐዲዱ ፊት አስጠጋሁላቸው። ፀዳለ የምስር ሳምቡሳ አቀረበች። ስንጥሯን ሸጎጥኩና ባቡሩን ለቀቅኩት።

ባቡሩ ወደ መርፌዋ ሲቃረብ ሰውየው ሳምቡሳቸውን በአፋቸው እንደያዙ ከወንበራቸው ተፈናጠሩ።

«መርፌው! ኧረ መርፌው አልተመለሰም! አቁመው!»

አላቆምኩትም። ሁለት ፉርጎ ወደ ጎን ወደቀ።

ባቡሩን አጠፋሁና ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ምን አልኩ?»

«መርፌው አሉ» አለች ፀዳለ ከወጥ ቤቱ በር ላይ። «እኔም ሰምቻለሁ።»

አቶ ደምሰው ቁጭ አሉ። ሳምቡሳውን ዋጡት፤ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «አባቴ ድሬዳዋ መርፌ ጠባቂ ነበር» አሉ። «ያደግሁት መርፌ አጠገብ ነው። ደብዳቤህ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያረፈው። ነገ እመራዋለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ረሳሁት። ፉርጎዎቹ ሲገለበጡ ትዝ አለኝ። ያኔ ነው ቀኑን ወደ ኋላ መልሼ፣ የስፌት መርፌ የመሰለኝ አስመስዬ ለንብረት ክፍል የመራሁት። ወይ አንተ ነበርክ፣ ወይ እኔ። እኔ ልጅ ተወልዳልኝ ነበር፤ አንተ ደግሞ ዲግሪ አለህ፣ የትም ትገባለህ ብዬ…»

የትም ትገባለህ! ገባሁ እንጂ፤ ኮንቴይነር መካከል! ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ሠላሳ ዓመት ባለማወቅ ላይ ነበር የተቆጣሁት። በአንድ ቃል፣ በራሴ ብዕር፣ በፈረንሳይኛ ትርጉም ላይ ቂም ይዤ ኖርኩ። ለካ ቃሌ ልክ ነበር። ለካ ደብዳቤዬ ግልጽ ነበር። ለካ በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል፣ ቀልዱን የጀመረው ሰውዬ ብቻ ነበር ያልሳቀው። ጉሮሯቸውን ልይዝ ፈለግሁ። የዕድሜያቸውን ነገር አይቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝኩ።

«ይጻፉልኝ» አልኳቸው። «አሁን የነገሩኝን ሁሉ።»

እሺ ብለው እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ቀኑን በቀኝ በኩል ጻፉ። ከዚያ ቀና አሉ። «ለማን ብዬ ልጻፈው?»

ለማን! ድርጅቱ ከፈረሰ ቆየ፤ ግቢው ዛሬ የፍሪጅ መጋዘን ነው። ሐዲዱን ነቅለው ሸጠውታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሞቷል፤ አባላቱም ተበትነዋል። እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ደብዳቤ የሚደርስበት ሰው አልነበረውም።

ፀዳለ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣችና ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ለእኔ ይጻፉት» አለች።

አቶ ደምሰው የጽሕፈት ቤት ሥርዓታቸው አልጠፋቸውም። «ለወይዘሮ ፀዳለ፤ ጅቡቲ። ጉዳዩ፦ ስለ ሦስተኛው መስመር መርፌ» ብለው ጀመሩ። ሙሉ ገጽ ጻፉ። ፈረሙ። ፀዳለ ገበያ ላይ የጨርቅ እንከን በምትፈልግበት ዓይን ሁለቴ አነበበችው።

«ቸልተኝነት የምትለዋን ዘለሏት» አለች። «የማን እንደነበረች ለይተው ያስገቡልኝ እንጂ።»

አስገቡላት። ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰውየውን እስከ በር እኔ ሸኘኋቸው፤ አልሳምኳቸውም። ስመለስ ሚስቴ የወደቁትን ፉርጎዎች እያነሣች ነበር። ፊቷ በርቷል። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ስትመለከተኝ ትዝ አይለኝም። እኔን ግን አንድ ነገር ወጋኝ።

«ፀዳለ፣ ቆይ እስኪ። ይህን ሁሉ ዓመት አላመንሽኝም ነበር ማለት ነው?»

«ምን ላድርግ?» አለች፣ ፉርጎውን በቀሚሷ እየወለወለች። «ደብዳቤ አላየሁማ!»

እንግዲህ ከዚያ ዓርብ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ፣ እፎይ አልክ አይደል?» ይለኛል። እፎይ አላልኩም። ንዴቴ እንደነበረ ነው። አድራሻው ብቻ ተቀይሯል፤ አሁን ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ይተኛል።