ማነው ካውያ የሰካው?

ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲገባ በአገሩ ንጉሥ የቀረ መስሎዎት ይሆናል። ተሳስተዋል! ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እኛ ግቢ ውስጥ አንድ ተርፎ ነበር፤ ባለቆጣሪው ጋሽ ተሰማ። ግቢው በሙሉ መብራት የቀጠለው ከእሳቸው ቆጣሪ ነበር። ውላችን የቃል ነው፤ ለአንድ ቤት አንድ አምፖል፣ ካውያና ምድጃ ክልክል። መብራቱ ትንሽ ደብዘዝ ካለ በረንዳ ላይ ብቅ ይሉና «ማነው ካውያ የሰካው?» ብለው ያንባርቃሉ። ከዚያ በየቤቱ እየዞሩ የተሰቀለ ሸሚዝ ይዳስሳሉ። ትኩስ ሸሚዝ የተገኘበት ወዮለት፣ መስመሩ ይቆረጣል! እኔ ራሴ ስንት ዘመን በተጨማደደ ሸሚዝ ቢሮ የገባሁ ይመስልዎታል?

ልብስ ሰፊዋ ዘሃራ ግን የከሰል ካውያዋ የሙሽራ ሱሪ ባቃጠለባት ማግስት የኤሌክትሪክ ካውያ ገዛች። ሳትደብቅም ሄዳ ፈቃድ ጠየቀች።

«ይኼን የሚያህል ጭነት እኔ መስመር ላይ?» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ካውያሽ የራሱን ቆጣሪ ይዞ ይምጣ!»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች። እሳቸው ለማባረር የተናገሩትን እሷ እንደ ምክር ወሰደችው። ጎረቤቱን ሁሉ አስተባበረች፣ አብረን የመብራት መሥሪያ ቤቱን ደጅ ጠናን፣ በመጨረሻም አዲስ ቆጣሪ ገባልን።

በገባበት ምሽት ካውያ ያልሰካ ቤት አልነበረም። እኔማ ካልሲዬን ሳይቀር ተኮስኩ። የሰፈሩ መብራት ድንገት ደበዘዘ። ጋሽ ተሰማ፣ መቼም ልማድ አይለቅም፣ በረንዳ ወጥተው «ማነው ካውያ የሰካው?» አሉ።

ትኩስ ሸሚዛችንን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርገን ከየበራችን ወጣንና በአንድ ድምፅ መለስንላቸው።

«እኛ ነን!»