ስም የማይጻፍበት ወረቀት

ብቻችሁን መቅረት ካማራችሁ ሰው መስደብ አያስፈልጋችሁም። አስተያየቱን በወረቀት ጠይቁት። ስለ አለቃው በአፉ የማይለው ነገር የለም፤ ወረቀቱን ሲያይ ግን አለቃው ወዲያው ጻድቅ ይሆናል። እናንተም እንዲህ ያለ ወረቀት ሞልታችሁ ታውቃላችሁ፤ አትሸፋፍኑ።

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ሠራተኛ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ምግብ ቤት ከአምስት ባልደረቦቼ ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ። ቆጮውን በጎመን፣ አለቃውን በሚጥሚጣ። ብቻዬን ለምኖረው ለእኔ ያቺ ትሪ ቤቴ ነበረች።

ከዚያ ማስተርስ ጀመርኩ።

ጥናቴ ስለ አመራር፣ ስለ ሠራተኛ ዕድገትና ስለ ለውጥ ነው። በመጠይቁ አናት ላይ «ስም መጻፍ አያስፈልግም» ብዬ አሰመርኩበት፤ መጀመሪያ የሰጠሁትም ለእነዚያው ለአምስቱ ነው።

በሳምንቱ መለሱልኝ። «አለቃዬ ሐሳቤን ይሰማል»፦ በጣም እስማማለሁ። «አለቃዬ ሐሳቤን አይሰማም»፦ በጣም እስማማለሁ። «ምን ይሻሻል?» ለሚለው፣ በአምስቱም ወረቀት ላይ፣ በአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ፦ ሁሉም ጥሩ ነው።

የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ጋሽ ሎምቤቦን ለብቻቸው ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ተሰብስበን ነው የሞላነው። በአንድ ድምፅ።»

«በተናጠል ነበር እኮ።»

«በተናጠልማ ሰው ይጎዳል።»

«ስማችሁ የለበትም።»

«የፈቃድ ማመልከቻችንን የሚቀበለው ማነው? አንተ አይደለህ? የእያንዳንዳችንን የእጅ ጽሑፍ ከእናታችን በላይ ታውቀው የለ?» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ።»

ልክ ናቸው። አላሰብኩትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወደ ትሪው ስጠጋ ወሬው ዝናብ ሆነ፤ የሆመቾ ዝናብ፣ የዱራሜ ዝናብ። ዝናብ በሌለበት ሰሞን ደግሞ የዝናቡ መጥፋት። ወረቀቶቹን ቀድጄ ጣልኩና ነገርኳቸው።

«ምነው፣ ጥሩ ነበሩ እኮ» አሉኝ።

ጥናቱን ዱራሜ ሄጄ ጨረስኩት። እዚያ ማንም አያውቀኝም፤ ሁሉም እውነቱን ጻፈልኝ። ተመረቅኩ። መሥሪያ ቤቱም የሠራተኞች ልማት ቡድን መሪ አደረገኝ።

በተሾምኩ ማግስት፣ አሁን እንኳ ሹመቴን እናማለን ብዬ፣ እጄን ታጥቤ ወደ ትሪው ሄድኩ። አምስቱም በአንድ ላይ ብድግ አሉ። ለክብሬ መስሎኝ ደስ አለኝ። ግን አልተቀመጡም።

«በሞቴ፣ ቁጭ በሉ።»

«እኛ ጨርሰናል» አሉ ጋሽ ሎምቤቦ፣ ኮታቸውን እያነሱ። «እርስዎ ይብሉ።»

ትሪው ገና አልተጋመሰም ነበር። እጄን ታጥቤያለሁና ተቀመጥኩ።