ሠላሳ አንደኛዋ እኔ ነኝ

ቤታችሁ ሰው ሲሞላ «ስንት ነን?» ብላችሁ በጣት የምትቆጥሩ አላችሁ አይደል? ተዉ። እኔ ደብሬ ተዉ እላችኋለሁ። ሰው አይቆጠርም። እናቴ ስንት ልጆች አሉሽ ሲሏት «እግዜር ያውቃቸዋል» ነበር መልሷ። ወተት ስትቀዳልን እንኳ ጣሳውን እንጂ እኛን አትቆጥርም። አንድ ጣሳ ከተረፈ አንዱ ልጅ ዛፍ ላይ ነው ማለት ነው። ይኼ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ከፊደል ገበታው ሁለት መስመር አልዘለልሁም፣ ሂሳቡን ለተማረ ትቻለሁ። ግን በዚህ ሂሳብ አንድም ልጅ ጠፍቶባት አያውቅም።

መንግሥትና አለቃ ደግሞ የትም አገር ቢሆን መቁጠር ይወዳሉ። ሱዳን ውስጥ ሀዋታ ሰሊጥ አጨዳ ሄደን አንድ አሠሪ ነበረን። ጧት ጧት በከዘራው ጫፍ እየነካ ይቆጥረናል። ከጎንደር ቆላ የመጡት አጫጆች አንድ በአንድ እየሾለኩ አለቁበት። ትናንት አርባ የነበሩት ዛሬ ሃያ ሆኑ፣ ምን በላቸው? ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። ቆጠርሃቸዋ! አልሁት። እስከ ዛሬ አልገባውም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የሰባ ሰባቱ ረሀብ ጊዜ ነው። እኔ ገዳሪፍ፣ ሎሪዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ሻይ እሸጣለሁ። ያን ዓመት ከወገራም፣ ከትግራይም፣ ከወሎም ሰው እንደ ጎርፍ ወደ ሱዳን ወረደ። የደረሰ ደረሰ። በመንገድ የቀረው ግን ብዙ ነበር። ሎሪ ነጂዎች ሻይ ሲጠጡ ስለ መንገዱ ብትጠይቋቸው ስኳሩን ያማስላሉ እንጂ አይመልሱም።

የእህቴ የእንጉዳይ ልጅ ጌጡ ከነጂዎቹ አንዱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ቁመቱ የስልክ እንጨት የሚያህል፣ ልቡ ግን የጫጩት። እሱም ያያቱን ሕግ ይዞ አደገና ተሳፋሪ አይቆጥርም። የሚሳፈር ሁሉ አንድ አንድ ጠጠር አንስቶ እሱ ወንበር ሥር ባለው ቆርቆሮ ይጨምራል። ሲወርድ ጠጠሩን ይወስዳል። ቆርቆሮው ባዶ ከሆነ ሁሉም በሰላም ወርዷል ማለት ነው። ሎሪ ተራው ሁሉ ይስቅበታል። እሱ እቴ!

ታዲያ አንድ ጊዜ ጥጥ ለቀማ የሚሄዱ ስደተኞች ጭኖ ወደ መደኒ ሄደ። መደኒ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው፣ ሹሙም ሌላ፣ ሕጉም ሌላ። ከተማው መግቢያ ላይ የትራፊክ ሹም አስቆመው። የስም ዝርዝሩ ሠላሳ ሰው ይላል። ጠጠሩ ሠላሳ። ሹሙ ሎሪው ላይ ወጥቶ ቆጠረ፣ ሠላሳ አንድ። ውረዱ አለ። አንድ በአንድ ሲወርዱ ሠላሳ ሰው መሬት ረገጠ፣ ሎሪው ባዶ ቀረ። ውጡ አለ። ወጡ። ቆጠረ፣ ሠላሳ አንድ!

ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጋቸው። እንግዳ ሰው ማነው? ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ከጎኑ ያለውን ያውቀዋል። ይቺ እህቴ ናት፣ ይኼ ያገሬ ልጅ ነው፣ እሷ የጎረቤቴ ሚስት ናት ይላል። ማንም ለማንም ባዳ አልነበረም። ሹሙ ላቡን ጠረገና፣ የፈራ ሰው እንደሚያደርገው ተቆጣ። አንድ ሰው ደብቀሃል ብሎ የጌጡን ሩክሳ ቀማው። ሩክሳ እኛ ገዳሪፍ መንጃ ፈቃድን የምንጠራበት ነው። ስድስት ወር ታገደ።

ጌጡ ለሹሙ ያልነገረውን ለኔ ነገረኝ። በመንገድ ላይ አንዲት ሴት ከእሾህ ቁጥቋጦ ሥር እጇን አንሥታ አይቶ ቆሞ ነበር። ሲቆም ሰው የለም። እሾሁ ላይ ነጠላ ብቻ ተሰቅሏል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ነዳጁን ረግጦ ይሄዳል። የኛ ልጅ ግን ይሉኝታ ይዞት ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ በመስኮት ብቅ ብሎ «በይ እንግዲህ ከመጣሽ ተሳፈሪ» አላት! ሰው በሌለበት! አንተ እብድ ማንን ነው የጋበዝኸው? ብዬ ጮህሁበት። «እቴቴ፣ እጇን አንሥታ ነበር እኮ። ዝም ብዬ ልሂድ?» አለኝ። ጠጠር ያልጣለችው እሷ ብቻ ናት።

ስድስቱ ወር አለቀ። አዲስ ሩክሳ ከገዳሪፍ ላውጣ ቢል፣ የገዳሪፉ የትራፊክ ቢሮ ለመደኒ ጻፈ። መልስ መጣ። እገዳው አልቋል ይላል። ሠላሳ አንደኛው ሰው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ግን መዝገቡ አይዘጋም፣ መዝገቡ ካልተዘጋ ሩክሳ የለም ይላል። ጌጡ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ። ሁለት ወር እንዲሁ ሄደ።

በዚህ መሐል ነው ከድንበሩ ከተማ ከገላባት መልእክት የደረሰን። እህቴ እንጉዳይ፣ የጌጡ እናት፣ ድንበሩን ተሻግራለች። እግሯ አብጦ መራመድ አቅቷታል። እህል ከቀመሰች ሰንብታለች። ቶሎ ካልመጣችሁ አትደርሱባትም አለ መልእክተኛው። በምሥራቅ በኩል ደመናው መቋጠር ጀምሯል። የገላባትን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አፈሩ መረሬ ነው። አንድ ዝናብ ከጣለ ሎሪ እስከ ሆዱ ይውጣል፣ እስከ ጥቅምትም አይተፋም። ሎሪዎቹ ያገራችን ነጋዴ የሐጂ ሰይድ ናቸው። ሐጂ ደግ ሰው ነው፣ ጌጡን ሎሪውን ውሰድ አለው። ያለ ሩክሳ ግን ዶካ ኬላ ላይ ይወርሱብኛል፣ አይሆንም አለ። ሌሎቹን ነጂዎች ለመንን። ሁሉም ወደ ደመናው እያየ ሚስቱ እንደታመመች ትዝ ይለዋል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በማግሥቱ ሻዩን ለጎረቤቴ ትቼ ጌጡን እየጎተትሁ ቢሮ ገባሁ። ዋስ ልሆነው ነው የሄድሁት፣ እውነቴን ነው ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ጸሐፊው መነጽሩን በክር ያሰረ ሽማግሌ ነው። መዝገቡን ገልጦ፣ ሕጉ የኔ አይደለም ያ ኻልቲ አለኝ። አክስቴ ማለቱ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው። የተጻፈ ቁጥር ባለቤት ይፈልጋል አለ። ሠላሳው ስም አላቸው፣ ይቺ አንዷ ግን ያለ ስም እዚህ ወረቀት ላይ ተቀምጣለች፣ እኔም መዝገቡን በከፈትሁ ቁጥር ደስ አይለኝም አለ። አንዷ እንጂ አንዱ አላለም። ሴት መሆኗን ማን ነገረው? ጌጡን አየሁት፣ ጌጡ እግሩን ያያል።

ራስ ሲመለጥ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። «እኔ ነኝ!» አልሁ።

ጌጡ አሳለው። ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ። ታዲያ ሲቆጥሩ ለምን አልወረድሽም? አለኝ። አፍሬ ነው፣ ጆንያ ሥር ተኝቼ ነበር አልሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። እኔ በረሀብ ዘመን እንኳ ወንበር የማልሞላ ሴት አይደለሁም። አንቺን የሚሸፍን ጆንያ የት ነው የሚሰፋው? አለኝ። ያኔ ከሲታ ነበርሁ አልሁት ሳላፍር። መሳቅ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልብ በይ ኻልቲ፣ ስምሽን እዚህ ከሰጠሽ አይመለስልሽም አለኝ። ስሙ ሩቅ የሚሄድ ነው እንዴ? ጻፍ! አልሁት። ጻፈ። ደብሬ፣ ሠላሳ አንደኛ።

ከዚያ ጣትሽን አለኝ። ቀለሙን ነክሬ አተምሁ። በዚያ ሙቀት ወረቀቱ እንደ ጧት ጉድጓድ ውኃ ቀዘቀዘኝ። ጣቴን ሳነሣ አየሁት። የኔ አውራ ጣት የዱባ ቁራጭ ነው የሚያህለው። ወረቀቱ ላይ የታተመው ግን ቀጭን፣ አጥንቱ ብቻ የቀረ ጣት ነው። ጸሐፊውም አይቶታል። ማድረቂያውን ጫን አደረገበት። እኔም ጣቴን በቀሚሴ ጠረግሁ። ዝም አይነቅዝም። ለጌጡ ሩክሳውን ጻፈለት፣ አንድ ግዴታም ጨመረበት። በመጀመሪያው ጉዞ ዋሱ ከነጂው ጎን ጋቢና ይቀመጥ ይላል።

በማግሥቱ ገላባት ገባን። እንጉዳይን አንድ ዳስ ሥር አገኘናት። ጌጡ እንደ አገዳ እስር በአንድ ክንዱ አነሣት። መቀመጥ ስለማትችል ከኋላ ጆንያ ላይ አስተኛናት። እኔም አብሬያት ልውጣ ብዬ እግሬን ሳነሣ ጌጡ ተለማመጠኝ። ወረቀቱ ጋቢና ይላል፣ ዶካ ላይ ካላገኙሽ ይመልሱናል፣ ከተመለስን ዝናቡ ይቀድመናል አለ። ፊት ተቀመጥሁ። መንገደኛ ሁሉ እየሮጠ ከኋላ ተሳፈረ። ጌጡ ያን ቀን ጠጠር አላስጣለም። ቆርቆሮውን ቤት ትቶት ነው የመጣ።

ሰማዩ በቀትር እንደ ብረት ምጣድ ጠቆረ። ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም። ከኋላ የሚያወራ ሰው ድምፅ እንኳ የለም። አንዳንዴ ብቻ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ስታንጎራጉር ይሰማኛል። ደህና፣ አንዷ ልጅ ታባብላለች አልሁ። ዶካ ስንደርስ ወታደሩ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ልክ ነው አለ። ጓደኛውን ከኋላ ያሉትን ቁጠር ብሎ ላከው። ጓደኛው መወጣጫው ላይ ወጥቶ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ አየ። ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ። ይለፉ አለ። ስንት ናቸው? ቢለው፣ ይለፉ አልሁህ! ብሎ ጮኸበት።

ገዳሪፍ ስንገባ የመጀመሪያው ጠብታ መስታወቱ ላይ ወደቀ። ዘልዬ ወርጄ ወደ ኋላ ሮጥሁ። እህቴን ሞታ አገኛታለሁ ብዬ ነበር፣ እውነቱን ልናገር። እሷ ግን ዓይኗን ገልጣለች፣ ከንፈሯ ርሷል። «ደብሬ፣ የት ሄድሽ? አሁን እዚሁ አልነበርሽ?» አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ ራሷን በጭኔ ደግፌ፣ በጨርቅ እየነከርሁ ውኃ በጠብታ ሳቀምሳት ነበር አለች። «እኔ ደብሬ ነኝ፣ እህትሽ ነኝ፣ አይዞሽ፣ ደርሰናል» ስላት እንደነበርም ነገረችኝ። እጄ በዚያ ሐሩር ቀዝቃዛ ነበር፣ እሱ ነው ነፍሷን ያቆያት አለች። አጠገቧ የነበሩትን ሴቶች አየኋቸው። አንዷ፣ «ደብሬ ነኝ ስትል ሰምተን ዘመድ ናት ብለን ቦታ ለቀቅንላት» አለችኝ። የት ወረደች? አልሁ። እርስ በርስ ተያዩ። ስትወርድ ያያት የለም።

እንጉዳይ ዳነች። ይኸው ድና ስንት ዘመን ታዝዘኛለች። ጌጡም ሩክሳው እጁ ላይ ነው። እኔ ያን ቀን መንግሥትን ያታለልሁ መስሎኝ በልቤ ስስቅ ነበር። ለካ ስሜን ለመዝገብ አልነበረም የሰጠሁት። ያቺ ከእሾሁ ሥር እጇን ያነሣችው ሴት ተቀብላ አንድ ቀን ብቻ ሠራችበት። እኔ አርባ ዓመት ይዤው ስዞር ያን የመሰለ ሥራ ሠርቼበት አላውቅም።

እህቴ ዛሬም በየበዓሉ ሰው በተሰበሰበበት ትመርቀኛለች። ያን ቀን የደብሬ ጭን ባይኖር እያለች፣ እያለቀሰች። እውነቱን ንገሪያት ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? ምርቃት አይገፋም፣ አሜን እላለሁ። ብቻ ለሁለት እንዲበቃ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው።