ጥንብ አንሳ የተባለው አውሮፕላን

መርዶ የመጣ ቀን በር አልከፈትኩም። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። እኔም አንዳንዴ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ከዚያ አለቅሳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና እስቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር አገሩን ያመሰ ሰሞን ነው። ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ፣ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቷል። ስልክ የለም። እኛ የምንኖረው ፉሪ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። በሠፈሩ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀያሾች ሊመጡ ነው። የሚፈርሰውን ቤት ሊለኩ ሜትርና ወረቀት ይዘው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ይመጣሉ፤ አንዴ በር ከከፈትሽላቸው አለቀልሽ። ማን አይቷቸዋል? ማንም። ግን ሁሉም ያውቃል።

እና ረቡዕ ገና ጎህ ሲቀድ የቆርቆሮ በሬ ተንኳኳ። ጎንበስ ብዬ በሥሩ ባይ አምስት ጥንድ ጫማ። በስንጥቁ ባይ አንድ እጅ፣ እጁ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት። መጡልኝ አልኩ።

ማናችሁ ብል፣ እኛ ነን ክፈቺ አሉ። እዚያው ሆናችሁ ንገሩኝ አልኩ። በበር የሚነገር አይደለም፣ ቁጭ ብለሽ ነው የሚነገርሽ አሉኝ። አሁን ይሄ የቀያሽ ንግግር አይደለም? እኔ እንጃ፣ ሌላ ምን ልበል? ከበሩ ኋላ የውሃ በርሜሉን አስጠጋሁና ጮህኩ። ካርታ አለኝ አልኩ። ይህን ቤት ድንጋዩን በራሴ ጀርባ ተሸክሜ ነው ያሠራሁት አልኩ። ጫማዎቹ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ጨመርኩበት፤

«ባለቤቴ ሲመጣ ከእሱ ጋር ትነጋገራላችሁ!»

ይህን ጊዜ ከውጭ አንድ ሴት ሲቃ ያዛት። ቀጥሎ አንድ የማውቀው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «በኒ፣ ኦቦሌቲ ኮ» አለኝ። ክፈቺ፣ እህቴ ማለታቸው ነው። ጎረቤታችን ኦቦ ጉተማ ናቸው። በስምንት ዓመት ጉርብትና አንድ ቀን እህቴ ብለውኝ አያውቁም። በርሜሉን ገፋሁት። ከፈትኩ። የዕድራችን ሰዎች ናቸው። የታጠፈውን ወረቀት የያዘው የባሌ የታዬ እህት ባል ነው፤ ከሆለታ የመጣ።

ወረቀቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ታዬን ላስተዋውቃችሁ፤ ሳታውቁት ብታዝኑለት ምን ዋጋ አለው?

ታዬ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ሳይወጣ ገርጂ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ተከራይተን ስንኖር አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንጫጫል። ኳስ በሬዲዮ ይከታተላል፤ ልክ ጎል ሊገባ ሲል ከላይ አንዱ ያገሳል። በገርጂ ኑሮዬ ጎል ማን እንዳገባ ሰምቼ አላውቅም ይል ነበር። እዚያ አውሮፕላን ይሰማል እንጂ አይታይም፤ ቀና እስክትሉ ጣሪያ ጋርዶት አልፏል። ፉሪ ስንመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሰማዩ ሰፊ ነው። በስተ ምዕራብ ወጨጫ ተራራ ተዘርግቷል። አውሮፕላኑ ይታያል፤ ድምፁ የለም። ታዬ ደስ አለው። ሕፃን ሆነ ብላችሁ ይሻላል።

ዓይን ሩቅ ይሄዳል፣ ጆሮ ቶሎ ይደክመዋል ይል ነበር። ድምፁን ሰምታችሁ ድምፁ ወዳለበት ብታዩ ባዶ ሰማይ ነው፤ እሱ ጥሎት ሄዷል፤ ፊት ፊቱን ፈልጉ። በጥርት ያለ ቀን ሆለታ ላይ የሚያልፈውን ከዚህ አየዋለሁ አለ። ሠፈሩ ሳቀ። ራዳር የሚል ስም ወጣለት።

ከሁሉም በላይ የሚስቁት ኦቦ ጉተማ ነበሩ። ቤታችን ያረፈው የእሳቸው አባት ጤፍ ሲወቁበት በኖሩት አውድማ ላይ ነው። አውድማዬ ላይ ተቀምጠህ ስለ ሰማይ ታስተምረኛለህ ወይ ይሉታል። እሳቸው የሚሉት ግልጽ ነው፤ የማይሰማ አውሮፕላን የለም። ዝም ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ጥንብ አንሳ ነው። ታዬ ነጠብጣብ በምታህል ነገር ላይ ጣቱን ሲቀስር፣ ኦቦ ጉተማ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አይተው አይተው «ጥንብ አንሳ ነው፣ ያውም ያረጀ!» ይሉታል። ስምንት ዓመት ሙሉ።

ሁከቱ ሲመጣ ግን የታዬ ነገር ቁም ነገር ሆነ። ከላይ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሴቶቹ በየበሩ ብቅ ብለው «ጋሽ ታዬ፣ ይቺ የትኛዋ ናት?» ይሉታል። ሄሊኮፕተር ከሆነ ድምፁ ሳይታይ ደረት ላይ ይመታል፤ ያኔ ልጆቻችሁን አስገቡ ይላል። ሌላው ከሆነ ይቺ የመንገደኛ ናት፣ አሁን ምሳ እየቀረበላቸው ነው፣ እኛን አላዩንም ይላል። ይስቃሉ። በዚያ ሰሞን ያን ያህል መሳቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ የሆለታ እህቱ ታማለች ተባለ። ቅዳሜ መንገዱ ትንሽ ከፈት አለ ሲባል ልሂድ አለ። ልብህ ደካማ ነው፣ አትሂድ አልኩት። እህቴ ናት አለኝ። ሊወጣ ሲል ኦቦ ጉተማን በር ላይ አገኛቸውና ተወራረዱ። እሑድ ከሰዓት በኋላ እሱ ሆለታ ቆሞ አናቱ ላይ የሚያልፈውን ይጽፋል፤ እኔ ከዚህ የማየውን እጽፋለሁ። ከገጠመ ኦቦ ጉተማ ዕድርተኛው ፊት ተነስተው «ታዬ እውነቱን ነው» ይላሉ። ካልገጠመ ታዬ ተነስቶ «ውሸታም ነኝ» ይላል። እጅ ተመታቱ። እሱ ሰዓት ስልኩ ላይ ያያል፤ ለእኔ ደብተርና የእጁን ሰዓት ሰጥቶኝ ሄደ።

እሑድ ደብተሬን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ልብሴን ላሰጣ የወጣሁ መስዬ ነው፤ ያፍራል ሰው። ኅዳር ነውና ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቆየሁ። ከወጨጫ በላይ፣ ድምፅ ሳይኖር፣ አየሁ። ጻፍኩ። ማታ ደውዬ ልነግረው ብል ስልክ የለም። ሲመጣ እንስቃለን ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ደረቱን ያዘው። መኪና ተገኘ፤ መንገድ አልተገኘም። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልጽፍም። ማክሰኞ ማለዳ እዚያው ቀበሩት። የእህቱ ባል ከቀብር እንደተመለሰ በእግሩ ወጨጫን ዞሮ መጣ፤ እንደ ወጉ በቀጥታ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ኦቦ ጉተማ ቤት ገባ። እኔ በርሜሉን ታቅፌ ከቀያሽ ጋር ስሟገት፣ ታዬ አፈር ከለበሰ አንድ ቀን ሆኖት ነበር።

ወረቀቱን ከሸሚዙ ኪስ ነው ያገኙት። ያስነበቡኝ በሰልስቱ ነው፣ ድንኳን ውስጥ። እንዲህ ይላል፤

«እሑድ፣ አሥር ሰዓት ከሃያ። ሁለት ናቸው። የፊተኛው ነጭ ጭራ አለው፣ የኋለኛው የለውም። አናቴ ላይ። ጉተማን አስፈርሚ።»

ቤት ገብቼ ደብተሬን አመጣሁ። ሴቶቹ ተቀመጪ አሉኝ። አልቀመጥም አልኩ። ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ ተባለ። የዕድሩ ዳኛ በለቅሶ ቤት የውርርድ ነገር ነውር ነው ሲሉ ሰማሁ። ነውር? በዚያ ሰሞን ስብሰባ የለም፤ ዕድርተኛው ከለቅሶ ድንኳን በቀር የት ይገናኛል? ታዬስ ሌላ ቀን አለው? ቆሜ አነበብኩ። «እሑድ፣ አሥር ሰዓት ከሃያ። ሁለት፣ ተከታትለው። አንዱ ጭራ አለው፣ አንዱ የለውም። ድምፅ የለም።»

ከዚያ ኦቦ ጉተማን አየኋቸው። ሰው ሁሉ አያቸው።

ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ፤ ማንም አልሰማሁም እንዳይል።

«ታዬ እውነቱን ነው። ጥንብ አንሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥንብ አንሳ ጭራው አይጨስም።»

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ በሳቅና በለቅሶ ተቀላቀለ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። እስክሪብቶ አምጪ አሉኝ፤ ከታዬ ጽሑፍ ሥር በቁቤ ስማቸውን ጻፉ። ሲመልሱልኝ ቀስ ብለው፣ እንዲህ በቀላሉ እንደማልፈርም ያውቅ ነበር፣ እዚህ ሆኖ ቢከራከረኝ ይሻል ነበር አሉኝ።

ለቀስተኞቹ ሊወጡ ሲሉ አንዲት ሴት አቀፈችኝና፣ አይዞሽ፣ የሞተ ሰው ምንጊዜም ትክክል ነው አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፣ ይገባኛል። እኔ ግን እጇን አነሳሁት። አይደለም፣ እትዬ። ሰው ሲሞት ሁሉም እውነተኛ ይባላል፤ ለዚያ መሞት ብቻ ይበቃል። የእኔ ባል ትክክል የነበረው እሑድ ነው፤ በሕይወቱ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ስለሞተ አትመኑልኝ፤ ስላየ እመኑልኝ።

አሁን እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነፍስ ይማር በሉልኝ። የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ነው። ምስኪን አትበሉት፣ አይወድም። በዚያው ሳምንት በዚያው መንገድ ላይ ሌሎችም ወድቀዋል፤ ድንኳን ያልተጣለላቸው፣ ስማቸውን ጮክ ብሎ የጠራ የሌለ። የማን ወገን እንደነበሩ አላውቅም፤ የሃይማኖታቸውንም አልጠየቅኩም። እናንተም ሳትጠይቁ ጸልዩላቸው።