እንጆሪ የሸተታቸው ጎብኚዎች

ያልሸተተውን ሸተተኝ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ ላስ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥ በአንድ ሺፍት አብሮኝ ከሚሠራው ከግርማ ጋር የፈረንሳይን የወይን አገር ልናይ ሄድን።

በአንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት አስጎብኚዋ ወይን ቀድታ "ምን ይሸታችኋል?" ስትል፣ ጎብኚው ሁሉ በየተራ "እንጆሪ" አለ። ግርማ ብርጭቆውን ደጋግሞ አሸተተና ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ምንም አልሸተተኝም፤ ያዘኝ ማለት ነው። አንተስ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"እኔማ እንጆሪው ጥርት ብሎ ይሸተኛል" አልኩት።

ግርማ ለራት የቀረበለትን የዳክዬ ጥብስ ሳይነካ፣ ሚስቱ ጋ ደውሎ ልጆቹን አደራ አላት። በማግስቱ ጠዋት ሊመረመር ፋርማሲ ሲሄድ እኔን ሰልፍ ላይ አገኘኝ።

"አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?"

"እኔም አልሸተተኝም ነበር" አልኩት።

ከፊታችን የተሰለፉት እነዚያው እንጆሪ የሸተታቸው ጎብኚዎች ነበሩ። ስንመረመር ሁላችንም ከኮሮና ነጻ ወጣን።