ለአንድ ክፍል የተተከለ ድንኳን

ሙቀቱ ሲጀምር ጅቡቲ ውስጥ ሁለት ነገር ይጠፋል፤ ጥላና ተማሪ። ጥላው የት እንደሚገባ አላውቅም። ተማሪው ግን ድሬዳዋ ነው የሚሄደው። ግንቦት ሲጠባ እናቶች ልጆቻቸውን ሰብስበው ዘመድ ዘንድ ይልካሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? እዚህ የጫማ ሶል አስፋልት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ባሕሩ ራሱ ያልበዋል። አስተማሪው ስለ በረዶ ሲያስተምር (መጽሐፉ ከፈረንሳይ የመጣ ነው መሰለኝ፣ በረዶ ይበዛበታል) የቀሩት ልጆች ምራቃቸውን ይውጣሉ።

ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ሕግ ድሬዳዋ አይሄድም። ሕግ እዚሁ ነው የሚከርመው።

እኔ ትራንዚተር ነኝ። የሰው ዕቃ ከወደብ እንዲወጣ ወረቀት ይዤ ከቢሮ ቢሮ የምሮጥ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ሰፈራችን ካርቲየ 3 ውስጥ ፈረንሳይኛ የተጻፈበት ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው። የመብራት ቢል ይመጣል። የመድኃኒት ብልቃጥ ይመጣል። አንዷ ጎረቤቴ የሻምፖ ዕቃ ይዛ መጥታ፣ ጸጉር ያሳድጋል ይላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይላል አልኳት። ማለቱን እንጂ ማሳደጉን መች ጠየቀችኝ?

የትምህርት ሕጉም በዚሁ መንገድ ነው እጄ የገባው። የመጀመሪያው ገጽ ማር ነው። በአገሩ የሚኖር ልጅ ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በነፃ ይማራል። መማሩም ግዴታ ነው። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው እናቶቹ እልል ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው። እኔ ግን የወደብ ሰው ነኝ፤ የኮንቴነር በር ላይ የተለጠፈውን አይቼ ውስጡን አላምንም። ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ስለ በጀት የሚያወራው መጣ። መንግሥት አስተማሪ የሚመድበው በቂ ተማሪ ላለው ክፍል ነው። ተቆጣጣሪ ሳይታሰብ ይመጣል፤ ያያል። ክፍሉ ሳስቶ ካገኘው ይታጠፋል። አስተማሪውም ልጅ ወደበዛበት ሰፈር ይሄዳል።

እንግዲህ ትምህርቱ ነፃ ነው፣ ግዴታ ነው፣ ታጣፊም ነው። እንደ አልጋ።

በጀቱን ካነበብኩ በኋላ የቀረውን ማንበብ አስጠላኝ። ተውኩት።

*

ሊታጠፍ ያለው ክፍል የኛ ነበር። በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ የሚያስተምር፣ ፈረንሳይኛ የሌላቸው ልጆች ቋንቋውን ያዝ አድርገው ወደ መደበኛው እንዲያልፉ የተከፈተ ክፍል። የሹፌር ልጅ፣ የወደብ ሠራተኛ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ ልጅ። ከነሱ አንዷ ማርታ ናት።

የማርታ እናት አልጋነሽ ሆዳን የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። ልጅ ይዞ ማደር አይፈቀድም። ስለዚህ ማርታ ከእኔና ከባለቤቴ ከሮዛ ጋር ነው የምትኖረው። ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ እናቷ ትመጣለች። መጥታም ምንም አታደርግም፤ ቀኑን ሙሉ የልጇን ጸጉር ትሠራለች። ሠርታ ትጨርስና ፈትታ እንደገና ትሠራለች።

ክፍሉ ከታጠፈ ማርታ ወደ አክስቷ ድሬዳዋ መሄዷ ነው። ለሙቀቱ አይደለም፤ ለሁልጊዜው። ሮዛ ከሰዓት በኋላ ገበያ ልብስ ትሸጣለች። እኔ ወደብ ነኝ። ሕፃን ልጅ በር ተቆልፎባት ትዋል?

ይህን ለአልጋነሽ የነገርኳት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም። “እና ዓርብን ምን ላድርገው?” ብቻ አለች።

*

አንድ ቀን ተቆጣጣሪው ነገ ይመጣል የሚል ወሬ ደረሰን። ሳይታሰብ የሚመጣው ሰውዬ መሆኑ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው የነገረን። ዘበኛ የማያውቀው ድንገት የት አለ?

ጋሽ ደጉ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ደጉ የዕድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ዕድሜያቸውን በተሳቢ መኪና መሪ ላይ ጨርሰው እዚሁ የቀሩ ሰው። ለሳቸው የዓለም ችግር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሰው መጥራት። ቧንቧ ፈነዳ? ሰው ይጠራ። ባልና ሚስት ተጣሉ? ሰው ይጠራ።

“ክፍሉ ሰው አነሰው ነው የምትሉኝ?” አሉ። “ሰውማ አለን።”

የሚፈለጉት ልጆቹ ነበሩ። ሁሉም ድሬዳዋ አልሄዱም። ሞቀኝ፣ አመመኝ፣ አስተማሪው ተቆጣኝ ብለው በየቤቱ የተኙ ነበሩ። ጋሽ ደጉ ስልካቸውን አወጡና፣ ወላጅ ከመጣ ልጁም ይመጣል ብለው ለዕድሩ አባላት የድምፅ መልእክት ላኩ። ለዓመታት የሚሉትን ነው ያሉት፤ ቦታውን ብቻ ቀየሩ።

“የዕድራችን አባላት በሙሉ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ትገኙ ዘንድ። ምክንያቱን እዚያው ትሰማላችሁ። የቀረ በደንቡ ይቀጣል።”

ምክንያቱን እዚያው ትሰማላችሁ! እስቲ ንገሩኝ፣ እኛ ዘንድ ምክንያቱ እዚያው የሚነገር ጉዳይ ምንድን ነው? መርዶ በስልክ አይነገርም። አባትህ ሞቶ ከሆነ “ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በል” ነው የምትባለው። ደርሰህ ድንኳኑን ስታይ ነው የሚገባህ።

በማግስቱ የሆነውን ገምቱ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። የዕድሩን ድንኳን የጫነችው ፒክአፕ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ወንበሩ ወረደ፣ ድስቱ ወረደ፣ ንፍሮው ወረደ። ዶራሌ ወደብ ወረፋ ላይ የነበሩ ሹፌሮች መኪናቸውን ጥለው መጡ። ዘበኛው የአገሩ ሰው ነው፤ ለቅሶ ሲያይ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

እትዬ ብርቄ ገና ከበሩ ጀመሩ። እትዬ ብርቄ የሰፈራችን አልቃሽ ናቸው። የሟቹ ስም እስኪነገር ድረስ ለማንም የሚሆን ነገር እያሉ ያለቅሳሉ። “አንተ ሰው ወዳድ፣ አንተ እጀ ሰፊ…” ስሙ ሲመጣ ያስገቡታል።

ጋሽ ደጉ ደነገጡ። መሀል ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ኧረ ተረጋጉ፣ ማንም አልሞተም አሉ። ይሄኔ ለቅሶው ጨመረ። ማንም አልሞተም ተብሎ ያልተጀመረ መርዶ የት አለ? ሮዛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “የራሳቸው ዘመድ ነው መሰለኝ፣ ወንድማቸው ይሆን?” አለች። ሮዛ እኮ ጋሽ ደጉ መልእክቱን ሲልኩ አጠገባቸው ነበረች።

ልጆቹስ? ልጅ ለቅሶ ቤት አይወሰድም። ያመማቸውም የሞቃቸውም ለጎረቤት አደራ ተሰጥተው ቀሩ። ሌላ ቀን ይመጡ የነበሩት ሳይቀሩ ቀሩ። ክፍሉ ውስጥ ማርታና ጥቂት ጓደኞቿ፣ ደጅ ደግሞ የጅቡቲ ኢትዮጵያዊ በሙሉ።

በዚህ መሀል ተቆጣጣሪው መጣ።

*

ረዘም ያለ፣ ቦርሳውን ብብቱ ውስጥ የያዘ፣ ጨዋ ሰው ነበር። ድንኳኑን ሲያይ ጫማውን አውልቆ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ምን እናድርግ? አሜን አልን። ወንበር ሰጡት፣ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት፣ ቆነጠረ። አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወደ ክፍሉ ተመለከተ። የባዶ ወንበሩን ብዛት ማየቱ ፊቱ ላይ ይነበባል። ከዚያ በሱማሊኛ፣ ማነው የሞተው አለ።

ጋሽ ደጉ የመንገድ ሱማሊኛ አላቸው፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ግመል፣ ኬላ። ውሸት የሚሆን ግን የለበትም። እውነቱን ቢናገሩም ክፍሉ መታጠፉ ነው። ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

አልጋነሽ ተነሳች። ማዳሟ ከዓርብ ውጭ ፈቃድ የምትሰጠው ለለቅሶ ብቻ ስለሆነ እሷም ለቅሶ ብላ ነው የመጣችው። በዚያች በወጥ ቤት ፈረንሳይኛዋ፣ ረጋ ብላ፣ “ባለቤቴ ነው” አለች። “የማርታ አባት።”

ሹፌሮቹ ንፍሯቸውን አስቀመጡ።

ባሏን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጌታነህ ይባላል፣ ሹፌር ነው። መሞት ቀርቶ ጉንፋን የማያውቀው። ማርታ እንደተወለደች ሚሌ ላይ መኪና ተበላሸብኝ ብሎ ቀረ፤ መኪናው እስከ ዛሬ እየተጠገነ ነው። ዶራሌ ይገባል፣ ጭኖ ይወጣል፤ የልጁ ቤት ብቻ መንገዱ ላይ አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት ሹፌሮች አንዱ፣ “እንዴ፣ ትናንት ዲኪል ምሳ አብረን…” ብሎ ሲጀምር ሚስቱ በክርኗ ጎኑን አለችው።

እትዬ ብርቄ ብቻ ስሙን በማግኘታቸው ደስ አላቸው። “ወይ ጌታነህ! አንተ ለቤትህ…” ብለው ቆሙ። “አንተ ለልጅህ…” ብለው እንደገና ቆሙ። ዙሪያውን ተመለከቱ፣ የሚያግዛቸው ጠፋ። በመጨረሻ፣ “አንተ ቁመናህ!” ብለው ተገላገሉ።

ተቆጣጣሪው ቦርሳውን ከፈተና ያንኑ ሕግ አወጣ። እኔ አስጠልቶኝ የተውኩትን ገጽ ገለጠ። በፈረንሳይኛ ሲያነብ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት። አባቷን ያጣች ልጅ ከገባችበት ክፍል አትነሳም ይላል። እሷ ካልተነሳች አስተማሪው አይነሳም። አስተማሪው ካልተነሳ ክፍሉ አይታጠፍም። አላህ ይማረው ብሎ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አልጋነሽን አያት። ዓይኗ ደረቅ ነበር። እሱም ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

ያን ዕለት ለሕያዋን ልጆች ያልተገኘው አስተማሪ ለሌለ ሟች ተገኘ። ሕግ ጨካኝ ነው የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። ሕግ ሩኅሩኅ ነው፤ አንድ ሰው መሞት አለበት እንጂ።

ማታ፣ እናቷ ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት ማርታ፣ አባቴ ሞተ እንዴ ብላ ጠየቀች። “አልሞተም” አለቻት እናቷ። “ለመንግሥት ብቻ ነው።”

*

ወሬ ከተሳቢ ይፈጥናል። ጌታነህ መሞቱን የሰማው ጋላፊ ኬላ ላይ ነው። ሻይ የምትሸጠው ሴት ስታየው አማተበችና ብርጭቆዋን ለቀቀችው። ዓርብ ቀን እየነደደ ቤታችን ገባ። አልጋነሽ የማርታን ጸጉር እየሠራች ነበር።

“ገደልሽኝ አይደል?”

“አንተ ከሞትክ ቆይተሃል” አለችው፣ እጇን ሳታቋርጥ። “እኔ መርዶውን ብቻ ነው ያረዳሁት።”

ትምህርት ቤት ሄጄ ሕያው መሆኔን አሳያለሁ፣ መታወቂያ አለኝ ብሎ ፎከረ። ጋሽ ደጉ ተጠርተው መጡ። መብትህ ነው አሉት። ግን አንተ ስትነሳ ክፍሉ ይወድቃል። ልጅህም ትሄዳለች። ከመቃብር ስትወጣ ይህን አስበህ ውጣ።

ጌታነህ ተቀመጠ። ማርታን አያት። እሷም አየችው፤ ሞቶ እንደዚህ መወፈሩ ገርሟት ነው መሰለኝ። እሱ ላቡን ጠረገና፣

“ድንኳን ተተከለ?” አለ።

“ተተከለ” አልኩት።

“ሰው መጣ?”

“ያልመጣ የለም። ዶራሌ ወረፋቸውን ጥለው ነው የመጡት።”

ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ማን አለቀሰልኝ?”

“እትዬ ብርቄ።”

“ምን ብለው?”

ተያየን። “ስለ ቁመናህ” አለች ሮዛ።

ሰውዬው አፈረ ወይስ ደስ አለው፣ እስካሁን አልለየሁትም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ዶራሌ ባራገፈ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ይቆማል። መግባት አይችልም፤ ሟች ነው። ብስኩትና ቀዝቃዛ ውኃ ይዞ በዚያ ፀሐይ ይጠብቃል። ልጅቷ ስትወጣ ቦርሳዋን ተቀብሎ እኛ ቤት ድረስ ያመጣታል። ማነው ሲሏት አጎቴ ነው ትላለች። ዘበኛው አንድ ቀን፣ የሟቹ ወንድም አፍንጫው ቁርጥ የልጅቷ ነው አለኝ። ዘር ነዋ አልኩት።

ከሞተ አንበሳ ያልሞተ ውሻ ይሻላል ይባላል። ይህን ያሉት ሰዎች ጌታነህን አያውቁትም።

ባለፈው ዓርብ ሮዛ ለአልጋነሽ ምክር ነገር ጣል አደረገች። ማርታ ፈረንሳይኛውን ይዛለች፤ ወደ መደበኛው ስታልፍ ያ ክፍል ቢታጠፍም ባይታጠፍም አይነካትም። ሰውዬውም ተመልሷል። ቀስ ብለን በሕይወት አለ ብለን ብናስታውቅስ አለቻት።

አልጋነሽ ማበጠሪያውን ከአፏ አወጣች።

“ተይ ሮዚ” አለቻት። “ከሞተ ወዲህ ነው ደህና አባት የሆነው። አታስነሺብኝ።”