በበጋ ወይስ በሰይፍ

በዓለም ላይ ያለ ሰፈር ሁሉ አንድ አራሚ አለው። ለእኛ በሰልጥ ከተማ ዳገት ለምንኖር ዐረቦች የደረሱን ክቡር ኡስታዝ ናዪፍ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የዐረብኛ መምህር፣ የፊደላት ዘብ፣ የጉሮሮ ዳኛ።

«ከጉሮሮ ልጄ፣ ከጉሮሮ» ይላሉ። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ የሚያጽናና ሰው ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደግመውታል። አንዲት የውጭ አገር ሴት በለስ ልትገዛ መጥታ «ቲን» በማለት ፈንታ «ጢን» ብትል፣ ገብቶት መመዘን የጀመረውን ነጋዴ እጁን ያዙት። «ጭቃ ነው የጠየቀችህ፤ ጭቃ ስጣት» አሉት። ደም ግፊታቸው የተነሳ ቀን እንኳ ነርሷ የበሽታቸውን ስም አስተካክላ እስክትጠራ ክንዳቸውን አልሰጧትም።

የእህቴ ልጅ ረንድ፣ ሚርዛ የሚባል ቦስኒያዊ ልታገባ ስታስብ ነገሩ ከሳቅ አለፈ። የአባቷ አባት ሐጂ ሚስቃል ከዚህ በፊት ሁለት ጠያቂ መልሰዋል። «በቋንቋችን አጥርቶ መጠየቅ ካቃተው እንደመጣ ይመለስ» ብለዋል፤ ረንድ ደግሞ ያለ እሳቸው ምርቃት አታገባም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ኡስታዝ ልጁን በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው አሹት። ከውሃና ከዳቦ ጀምረው ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ልመና አስጠኑት። ልጁ ከሳ። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ግን በአንድ ቃል ላይ ነበር። ሐጂ ሠርጉ መቼ እንደሆነ ሲጠይቁት «ቢጸይፍ» ማለት አለበት፤ በበጋ። ወፍራሙ ጸ ወደ ቀጭኑ ሰ ከተንሸራተተ «ቢሰይፍ» ይሆናል፤ በሰይፍ።

ቀኑ ደረሰ። አርባ ወንድ ተሰበሰበ፣ ቡናው ተቀዳ፤ ሐጂ እሺ ሳይሉ ስኒ የሚያነሳ የለም። ከበሩ ኋላ የረንድ ጥላ ይታየኛል። ሚርዛ ያጠናውን አንድ በአንድ አለ፤ ዐውም ሐውም ከየጉሮሮ ጥጋቸው ወጡ። ሐጂ ጠየቁ።

«መቼ ልትወስዳት አሰብክ?»

ልጁ አፉን ሞላ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«ቢሰይፍ።»

«በሰይፍ?» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። ምን ለማለት እንደፈለገ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ሲፈልጉት የነበረው ሰበብ እጃቸው ገባ። ዓይን ሁሉ ወደ ኡስታዝ ዞረ። በዕድሜያቸው አንድ ስሕተት አሳልፈው አያውቁም፤ እኔም ዛሬን ብቻ ዝም እንዲሉ በልቤ ለመንኳቸው።

ዝም አላሉም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ።

«ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባሁ ወዲህ ያቺ ፊደል አልወጣ ብላኛለች። ልጁ ያለው ከኔ አፍ የሰማውን ነው። ይኸው፣ ስሙኝ፦ ሰይፍ።»

በአርባ ሰው ፊት፣ በቀጭኑ ሰ።

የሐጂ ትከሻ በሳቅ ተነቀነቀ። «በበጋ ይሁን። ቡናችሁን ጠጡ» አሉ። ከበሩ ኋላ ረንድ ስታለቅስ ሰማኋት።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች «ኡስታዝ፣ ሰይፍ መቼ ይገባል?» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። እኔን ማረም ግን አልተዉም፤ እኔም ወድጃቸዋለሁና እየደጋገምኩ እታረማለሁ። ትናንት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን የኮክ ዘር በጥርሳቸው እየፈለጡ አቀበሉኝ። ሠላሳ ሁለቱም የራሳቸው ናቸው።